የጳጉሜ ቃለ ጉባኤ

በ2078 ዓ.ም. መስከረም ላይ ምክር ቤት ገባሁ። ማንም አልመረጠኝም፤ ዕጣ ደርሶኝ ነው። ደብዳቤው ሲመጣ ወይንዓምባ ባለው ወፍጮ ቤቴ ተቀምጬ የወፍጮ ድንጋይ እወቅር ነበር። «አቶ ደመላሽ ይርዳው፣ በታላቁ ምክር ቤት የመንገድና መሻገሪያ ቋሚ ኮሚቴ ሰብዓዊ ተገኚ ሆነው ለአንድ ዓመት እንዲያገለግሉ ዕጣ ወጥቶልዎታል። እንኳን ደስ ያለዎት። መቅረት ያስቀጣል» ይላል።

ነገሩ ቀላል ነው። ኮሚቴው መንግሥትን የሚቆጣጠረው በመርማሪው በኩል ነው። መርማሪው ማሽን ነው፤ ይጠይቃል። ሚኒስቴሩም የራሱ ማሽን አለው፤ አስረጂው ይባላል፤ ይመልሳል። ክልሎቹም በየምክር ቤታቸው መርማሪም አስረጂም አላቸው። ሕጉ ግን ነፍስ ያለው ሰው በሌለበት ኮሚቴ አይሰበሰብም ስለሚል፣ በየአዳራሹ አንድ ሰው ይቀመጣል። የድሮዎቹ አባላት የት እንደገቡ አንድ ቀን ጠይቄ ነበር። ለአቅም ግንባታ ሥልጠና ሄደዋል አሉኝ። ሥልጠናው አሥራ ስምንተኛ ዓመቱን ይዟል።

የሥራ ቀኔ ይህን ይመስላል። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ወንበሬ ላይ እቀመጣለሁ። ወንበሩ ትንፋሼን ይቆጥራል። መርማሪው አራት መቶ አሥራ ሁለት ጥያቄ ይጠይቃል፤ አስረጂው አራት መቶ አሥራ ሁለት መልስ ይሰጣል፤ ይህ ሁሉ ሲሆን እኔ አንዴ አስነጥሼ አልጨርስም። የተቀረው ጊዜ የእኔ ነው። በየሰባት ደቂቃው ራሴን መነቅነቅ፣ ሁለት ጊዜ ውሃ መጠጣት፣ በመጨረሻም «ክቡር ሚኒስትር፣ ለሰጡን ሰፊ ማብራሪያ እናመሰግናለን» ማለት አለብኝ። ክቡር ሚኒስትሩ አዳራሹ ውስጥ ኖረው አያውቁም። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ሪፖርቱ ታትሞ ይመጣል፦ ጠንካራ ጎን አሥራ አራት፣ ደካማ ጎን ሁለት፣ ማጠቃለያ ተጠናክሮ ይቀጥል።

በወር አንድ ቀን ደግሞ የመስክ ምልከታ አለ። ከአዳራሹ አንወጣም። ነጭ ኮፍያና መፈክር የታተመበት ካናቴራ ይሰጠኛል፣ ግድግዳው ላይ የመንገዱ ምስል ይበራል፣ እኔም ለፎቶው ጣቴን ወደ ሩቅ እቀስራለሁ። ወዴት እንደምቀስር የነገረኝ የለም። አንድ ቀን ወደ መጸዳጃ ቤቱ ቀሰርኩ፤ ፎቶው «የኮሚቴው ተገኚ አቅጣጫ ሲሰጡ» ተብሎ ወጣ።

ይህን ሁሉ ችዬ የተቀመጥኩት ለአንድ ነገር ስል ነው፤ ለሶርማ ድልድይ።

ሶርማ ወንዝ ወይንዓምባን ከማዶው ከቆላ ገበያ ይለያል። ድልድዩን ከዘጠኝ ዓመት በፊት የነሐሴ ጎርፍ ወሰደው። ወዲህ ያለው አውራ ጎዳና የፌዴራል ነው፤ ወዲያ ያለው መንገድ የክልሉ። ድልድዩስ? ታላቁ ምክር ቤት በየሩብ ዓመቱ ይጠይቃል፤ አስረጂው «ጉዳዩ በሚመለከተው የክልል አካል እየታየ ነው» ይላል። የክልሉ ምክር ቤትም በየሩብ ዓመቱ ይጠይቃል፤ የዚያኛው አስረጂ «ጉዳዩ በሚመለከተው የፌዴራል አካል እየታየ ነው» ይላል። ሁለቱ ምክር ቤቶች ተባብረው እንዲሠሩ የጋራ መድረክ ተቋቁሞላቸዋል፤ እዚያ ደግሞ ሁለቱ ማሽኖች መልሶቻቸውን ይለዋወጡና ይመሰጋገናሉ። በዘመናችን ድልድይ ለመሥራት አሥራ ሁለት ቀን ይበቃል። ዘጠኝ ዓመት የሚፈጀው የማን እንደሆነ ማወቁ ነው።

ከማዶ ስንቅነሽ አለች። የቆላ ገበያ ሚዛን ጠባቂ ናት፤ ዕቃም ሰውም በአንድ ዓይን ትመዝናለች። እኔ ሃምሳ ስድስት ዓመቴ ነው፣ እሷ ሁለት ዓመት ታንሰኛለች፣ ሁለታችንም የትዳር ጓደኛ ቀብረናል። ድልድዩ ከሄደ በኋላ ሰው የሚሻገረው በሽቦ ገመድ ላይ በተንጠለጠለ ቅርጫት ነበር። በሁለተኛው ዓመት ታናሽ ወንድሟ ሙሉሸዋ ከዚያ ገመድ ላይ ወደቀ። በእኔ ወፍጮ ያስፈጨውን ዱቄት ተሸክሞ ነበር። አስከሬኑ አልተገኘም። በዚያ ሩብ ዓመት ሪፖርት ላይ «ደካማ ጎን ሁለት፦ የተገልጋዮች ጥንቃቄ ማነስ» ተብሎ ተጻፈ። እኔ ያንን ወረቀት ቆርጬ እስከ ዛሬ በኪሴ ይዤዋለሁ፤ ሳየው አሁንም ደሜ ይፈላል።

ዕጣው ከመውጣቱ በፊት በነበረው የበጋ ወር ሽማግሌ ልኬባት ነበር። ሽምግልና በስልክ አይሆንም፤ እንዲህ ያለ ነውር ወይንዓምባ ገና አልገባም። ስለዚህ ጎረቤቴ ጋሽ ዘለቀ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወንዙ ዳር ቆመው በድምፅ ማጉያ ጠየቁልኝ። የገበያ ቀን ነበርና አገር ምድሩ ሰማ። ስንቅነሽ ሚዛኗን ትታ ወደ ዳሩ መጣችና በራሷ ጉሮሮ መለሰች።

«ወንድሜን በበላ ገመድ ላይ እንደ ጆንያ ተንጠልጥዬ አልዳርም! ድልድይ ሲሠራ መጥቼ መልሴን እነግረዋለሁ!»

«እሺ ማለት ነው?» አሉ ጋሽ ዘለቀ በማጉያው።

«ጋሽ ዘለቀ፣ ድልድይ አልኩ እኮ!»

በስልክ እኔው ዞሬ ልምጣ ብላት ሳቀችብኝ። ዙሪያው ሦስት ቀን ያስኬዳል። «አንተማ ትመጣለህ፤ ወፍጮህም ይመጣል? ወይስ እኔ በየሳምንቱ ሦስት ቀን እየዞርኩ ሚዛኔ ጋ ልመላለስ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። ባለፈው ሐምሌ ደግሞ ሌላ ነገር ነገረችኝ። ሩቅ ከተማ የሚኖረው ልጇ በመስቀል ማግስት መጥቶ ሊወስዳት ነው። «ብቻዬን ማርጀቴ አሳስቦታል። እስከ መስቀል ነኝ፣ ደሜ» ብላ ስልኩን ዘጋች።

እኔ በኮሚቴው ውስጥ ዝም ብዬ የተቀመጥኩ እንዳይመስላችሁ። ኅዳር ላይ ስለ ድልድዩ ለመናገር እጄን አወጣሁ፤ ወንበሩ የድጋፍ ድምፅ ብሎ መዘገበው። ጥር ላይ ተነስቼ ጮህኩ፤ ሪፖርቱ «ሞቅ ያለ ውይይት ተካሂዷል» አለ። ሚያዝያ ላይ ራሴን መነቅነቅ አቆምኩ፤ ሐኪም ላኩብኝ።

ነሐሴ 30 ቀን የኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ያዥ ወይዘሮ አስካለች ወደ ወንበሬ መጡ። በዚያ ሕንፃ ውስጥ በእጃቸው የሚጽፉ የመጨረሻዋ ሰው ናቸው፤ የሚጽፉት ግን ማሽኑ የሚነግራቸውን ብቻ ነው።

«አቶ ደመላሽ፣ እስከ እንቁጣጣሽ ሄደው ይረፉ። መርማሪው የለም።»

«ምን ሆኖ?»

«ጳጉሜ አይደል? ሲገዛ በስህተት ከደመወዝተኞች መዝገብ ላይ ተመዘገበ። ደመወዙ የአሥራ ሁለት ወር ነው። ለጳጉሜ ደመወዝ የሚባል ነገር ደግሞ በዚህ አገር ኖሮ አያውቅም። አቅራቢው ድርጅት አምስቱን ቀን ያጠፋዋል።»

«የሚኒስቴሩ አስረጂስ?»

«እሱም ደመወዝተኛ ነው። የክልሎቹም።»

«እርስዎስ? የጳጉሜ ይከፈልዎታል?»

«አይከፈለኝም» አሉ ወይዘሮ አስካለች። «እኔ ግን ሰው ነኝ፤ እመጣለሁ።»

እኔ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ሥራ ስፈታ የኮሚቴውን ደንብ አንብቤው ነበር፤ ሌላ የሚነበብ ነገር ወንበሩ አይፈቅድም። አንቀጽ 61 «መርማሪው በማናቸውም ምክንያት ሥራ ባቆመ ጊዜ ሰብዓዊ ተገኚው ይሰበስባል፤ ይጠይቃል፤ ከክልል አቻው ጋር ይወስናል» ይላል። የተጻፈው መብራት በየሰዓቱ ይጠፋ በነበረበት ዘመን ነው። መብራቱ ተስተካከለ፤ አንቀጹን ግን የሰረዘው ሰው የለም። አባላቱ በሥልጠና ላይ ነበሩ መሰለኝ።

ለወይዘሮ አስካለች አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ሁለት ጊዜ አነበቡት፣ ከዚያም ወደ መሳቢያቸው ሄዱና ማህተሙን አወጡ። ከመድረቁ የተነሣ ቀለም አልይዝ አለ። አፋቸውን ከፍተው «ሃ» ብለው ተነፈሱበት።

«ማንን ነው የምንጠራው?» አሉኝ።

«ሚኒስትሩን። ራሳቸውን።»

የክልሉን ተገኚ በስልክ አገኘኋት። ዘሀራ ኑሩ ትባላለች፤ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች፣ ዕጣው ከሥራዋ አውርዶ ወንበር ላይ ያስቀመጣት። ጉዳዩን ነግሬያት ሳልጨርስ «ወንድሜ፣ እኔ ይህን ወንበር ብነክሰው ደስ ይለኝ ነበር። መቼ ነው?» አለች። ለጳጉሜ 4 ተቀጣጠርን።

የዚያን ቀን ጠዋት ዝናብ ነበር። ዘሀራ ከክልሏ አዳራሽ ሆና በግድግዳው ላይ ታየች። ሚኒስትሩ አቶ ታምራየሁ ብቻቸውን መጡ፤ ጃንጥላቸውን የሚቀበላቸው ሰው አጥተው እንደያዙት ቆሙ። ቀጭን፣ የተጨነቁ ሰው ናቸው። ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«በመጀመሪያ ይህ መድረክ በመዘጋጀቱ የተሰማኝን...» አሉና ቆሙ። አጠገባቸው ያለው የአስረጂው ሳጥን ጨልሟል። «ከዚህ አንጻር...» አሉ ደግሞ። ከየትኛው አንጻር እንደሆነ አልመጣላቸውም።

«ክቡር ሚኒስትር» አለች ዘሀራ ከግድግዳው፣ «ሃያ ዓመት ትኬት ቆርጫለሁ። መውረጃው የጠፋው ሰው ፊቱ ልክ እንደዚህ ነው የሚሆነው። አይጨነቁ፤ አንድ ጥያቄ ነው ያለን።»

ጥያቄው የእኔ ነበር። ለዓመት ያህል ስለማመደው ኖሬያለሁ።

«የሶርማ ድልድይ የማን ነው?»

ሚኒስትሩ ሳጥኑን አዩ። ጣሪያውን አዩ። ዝናቡ መስኮቱን ይመታል።

«አላውቅም» አሉ።

የወይዘሮ አስካለች ብዕር ቆመ። «ክቡርነትዎ፣ ልጻፈው?»

«ይጻፉት። ሚኒስትር ከሆንኩ ስምንት ዓመቴ ነው፤ እስከ ዛሬ እኔን የጠየቀ ሰው የለም። የሚጠየቀው እሱ ነው» ብለው ሳጥኑን በክርናቸው ነካ አደረጉት። የተገላገሉ ይመስሉ ነበር።

ልገሥጻቸው ተዘጋጅቼ ነበር። ቃላቱንም መርጬ ነበር፤ ወፍጮ ቤት ያደገ ሰው ስድብ አይቸግረውም። ሳያቸው ግን ተውኩት።

«ሙሉሸዋ የሚባል ሰው ነበር» አልኳቸው። «ድልድዩ ባለመኖሩ ሞተ።»

«በሪፖርታችን ላይ አለ?»

«አለ። ደካማ ጎን ሁለት ነው።» ወረቀቱን ከኪሴ አውጥቼ ፊታቸው አስቀመጥኩት።

አነበቡት። ከታች የራሳቸው ፊርማ አለ። «ስሙን ማን አሉኝ?» ብለው ጠየቁ። ነገርኳቸው። በራሳቸው ብዕር ከዳር ላይ ጻፉት። እኔ ያን ጊዜ እንባዬ መጣ፤ ዘሀራም ከግድግዳው ፊቷን አዞረች።

ከዚያ ወደ ውሳኔው ገባን። ሚኒስትሩ ባለቤቱን የሚያጠና የጋራ ግብረ ኃይል እንዲቋቋም ሐሳብ አቀረቡ፤ ልማድ ሆኖባቸው ነው። ዘሀራ አላስጨረሰቻቸውም።

«ባለቤቱን ስንፈልግ እናልቃለን! ግማሽ ግማሽ እናድርገው። ፌዴራሉ ከራሱ ዳር ተነሥቶ እስከ መሃሉ ይሥራ፤ ክልሉም ከራሱ ዳር ተነሥቶ እስከ መሃሉ ይሥራ።»

በዚያ ሰዓት ከዚህ የበለጠ ብልህ ነገር የሰማሁ አልመሰለኝም። ወይዘሮ አስካለች ጻፉት፣ እኔና ዘሀራ ፈረምን፣ የሁለቱ ምክር ቤቶች ማህተም አረፈበት። ማሽኖቹ ሁለት ማህተም ያለበትን ቃለ ጉባኤ አይጠይቁም፤ ይፈጽሙታል። ወንዙ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን ከአራታችን አንዳችንም አልጠየቅንም።

መስከረም 1 ቀን መርማሪው ነቃ፤ የጳጉሜን ቃለ ጉባኤም አነበበ። እንዲህ ያለ መልስ በመዝገቡ ውስጥ ገጥሞት አያውቅም። ምሳ ሰዓት ላይ ሪፖርቱ ወጣ፦ «ጠንካራ ጎን፦ ሚኒስቴሩ ‹አላውቅም› የተሰኘ አጭርና ግልጽ የምላሽ አሠራር መዘርጋቱ አበረታች ነው። ተሞክሮው ተቀምሮ ለሌሎች ይስፋፋ።» ተስፋፋም። በሳምንቱ መጨረሻ ላይ አሥራ ዘጠኝ መሥሪያ ቤቶች አያውቁም ነበር። ጤና አያውቅም፣ ውሃ አያውቅም፣ የስታትስቲክሱ መሥሪያ ቤት ደግሞ ስንቶቹ እንደማያውቁ አያውቅም።

እኔ አገልግሎቴን ጨርሼ ወይንዓምባ ተመልሼ ነበር። መስከረም 3 የፌዴራሉ ድልድይ ሠሪ ማሽን በእኛ በኩል ቆመ፤ በዚያው ቀን የክልሉ በማዶ በኩል ቆመ። ሥራ ፈት ሁሉ ወንዙ ዳር ውሎ ያድር ጀመር። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለቱም ድካ ድካቸው ደረሱና በየበኩላቸው «ሥራው መቶ በመቶ ተጠናቋል» የሚል መብራት አበሩ።

መሃሉ ላይ ግን አልተገናኙም። የፌዴራሉ መዝገብ ወንዙን የለካው በበጋ፣ ቀጭን ሆኖ ሳለ ነው። ስለዚህ የእኛ ግማሽ አጠረ። በሁለቱ ጫፍ መካከል አንድ ሜትር ተኩል ክፍት ቀረ፤ ከሥሩ ሶርማ ደፍርሶ ይሄዳል። ለጎረምሳ አንድ ዝላይ ነው። ጉልበቷ ለሚያማት፣ ወንድሟ እዚያው ውሃ ውስጥ ለቀረባት ሴት ግን ከበፊቱም ይብሳል። ለሁለቱም ምክር ቤቶች አመለከትን። ወዲያው መልስ መጣ፤ አያውቁም።

የደመራ ዕለት ጠዋት፣ ልጇ ሊመጣ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ስንቅነሽ ነጭ ልብሷን ለብሳ ከማዶ በኩል ድልድዩ ላይ ወጣች። ገበያው ሁሉ ተከትሏታል። ክፍቱ ጋ ስትደርስ ቆመች። ወደ ታች አየች፣ ቀና ብላም እስከ ዛሬ ያልተነሣውን ገመድ አየች። ፊቷ ተለወጠ። ልትመለስ እንደሆነ ገባኝ።

እየሮጥኩ ወፍጮ ቤቴ ሄድኩ። በሩ ወፍራም የዝግባ ሳንቃ ነው፤ አባቴ የሠራው። ከማጠፊያው ነቅዬ ከሁለት ሰዎች ጋር ተሸክሜ መጣሁና ክፍቱ ላይ ጋደም አደረግነው። ልክክ አለ። ረገጥኩት፣ ዘለልኩበት፣ አልነቃነቅም አለ። ከዚያ ወደ እኔ በኩል ተመለስኩና ጠበቅሁ። ጋሽ ዘለቀ ማጉያቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል፤ ስንቅነሽ በጥቂት እርምጃ ርቀት ላይ ነበረች፣ እሳቸው ግን ለወግ ያህል ይዘውታል።

ስንቅነሽ አንድ እግሯን ሳንቃው ላይ ስታኖር የመርማሪው በራሪ ካሜራ ከላይ ደረሰች። የመስክ ምልከታ መሆኑ ነው። ወርዳ ሳንቃውን ዞረችው።

«በውሉ ውስጥ የሌለ አካል ተገኝቷል» አለች። «ይህ ሳንቃ የማን ነው? ባለቤት የሌለው ከሆነ ይነሣል።»

እኔ በልቤ አሰላሁት፤ የፌዴራል ነው ብል ክልሉ ያስነሣዋል፣ የክልሉ ነው ብል ፌዴራሉ ያስነሣዋል፣ የእኔ ነው ብል በመንግሥት ድልድይ ላይ የግል ንብረት አስቀመጥክ እባላለሁ። ጋሽ ዘለቀ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው በማጉያው አንሾካሾኩ፤ «አላውቅም በላት፤ ያሸልማል!» አገር ምድሩ ሰማ።

«የማን ነው?» አለች በራሪዋ ደግማ። ከሆዷ ሁለት የብረት ክንዶች ዘርግታ ሳንቃውን ያዘች።

ስንቅነሽ ቀና ብላ አላየቻትም። የምታየው እኔን ነው፤ ሚዛን ላይ ያለ ዕቃ እስኪረጋ የምትጠብቅበት ዓይኗ ነበር። ሁለተኛውን እግሯንም ሳንቃው ላይ አኖረች።

«የእኔ ነው» አለች። «የቤቴ በር ነው። ልቀቂው።»

በዘጠኝ ዓመት የሶርማ መዝገብ ውስጥ እንዲህ ያለ መልስ አልነበረም። በራሪዋ ጥቂት ቆየች፣ ክንዶቿን ሰብሰብ አደረገች፣ «ባለቤቱ ታውቋል» ብላ ከፍ አለች። ስንቅነሽም በአባቴ በር ላይ ሦስት እርምጃ ተራምዳ ወደ እኔ ደረሰችና እጄን ያዘች።

ጋሽ ዘለቀ ማጉያቸውን አነሡ።

«እሺ ማለት ነው?» ብለው ጮኹ።

«ጋሽ ዘለቀ» አለች ስንቅነሽ ቀስ ብላ፣ «አይጩኹ፤ አጠገብዎ ነኝ።»